እሳት ያልነካው ቢላዋ

አገርነሽ የምትኖረው ከበዴሳ በሞተር ሩብ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንደር ነው። መሬቷ ጠባብ ናት፤ ከቤቷ ጀርባ ያለችው ጓሮ ብቻ ናት ማለት ይቀላል። በዚያች ጓሮ አርባ ሦስት እንሰት ነበራት። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ አንድ ዙር ትዞራቸዋለች፤ ቁጥራቸውን የምታውቀው ለዚህ ነው። ባሏ ወልደመስቀል ከሞተ ስምንት ዓመት አለፈው። ልጆቿ አግብተው አንዷ ሐዋሳ፣ አንዱ ሞያሌ ናቸው። በቆሎው አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ በበልግ ወራት፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ሆዱን በሚያባብልበት ጊዜ እሷን የሚያሻግራት ከዚያች ጓሮ የሚወጣው ቆጮ ነው። እንሰት ደግሞ የሚቸኩል ተክል አይደለም። ዛሬ የተተከለው ተፍቆ ቆጮ ለመሆን የሚደርሰው ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እናም አገርነሽ ጓሮዋን ስታይ የምታየው ተክል ብቻ አልነበረም፤ ያሏትን ዓመታት በመደዳ ተሰልፈው ታያቸው ነበር።

ልጅቷ የመጣችው በፋሲካ ሳምንት ነው፤ ከአየርላንድ። በጎ ፈቃደኛ ናት ተባለ። ጠዋት ጤና ኬላ ሕፃናት ትመዝናለች፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት ገብታ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ ደመወዝ የላትም፣ አሥር ወር ትቆያለች። ንጹሕ ክፍል ያለው ሰው ሲፈለግ የልጆቿ ክፍል ባዶውን ስለነበር ልጅቷ ለአገርነሽ ደረሰቻት። አየርላንድ የት እንደሆነ አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብበት አገር ነው ሲሏት፣ «ታዲያ እንዴት እንሰት አይተክሉም?» ብላ ጠየቀች።

የልጅቷ ስም ለምላስ አስቸገረ። ጎረቤቷ ወርቅውሃ ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ «ይሄ ስም ነው ወይስ ማስነጠስ?» አለችና ሴቶቹን ሁሉ አሳቀች። በፋሲካ የመጣች ናትና አገርነሽ ትንሳኤ አለቻት፤ በዚያው ጸና።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግ አልነበሩም። ትንሳኤ ጠዋት ዓይኗ አብጦ ትወጣለች። የቀረበላትን በጣቷ ትነካካና ትተወዋለች። አገርነሽ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀቻትም፤ ብትጠይቅም የምትግባባበት ቋንቋ የላትም። የተቀቀለ ስኳር ድንች ከአንዲት ጭልፋ ዳጣ ጋር አጠገቧ ታስቀምጥና ዞር ትላለች። አንድ ቀን ልጅቷ ዳጣውን እንደ ወጥ በሙሉ ጠቅልላ ጎረሰችው። ፊቷ ቀላ፣ እንባዋ ወረደ፣ በእጇ አፏን እያራገበች ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች። አገርነሽ ውሃ ይዛ እየሮጠች ሳቋን መያዝ አቃታት። ልጅቷም አየቻትና እያለቀሰች ሳቀች። የሁለቱ ነገር የጀመረው ከዚያ ቀን ነው።

ክረምቱ ሲገባ ትንሳኤ ሌላ ሰው ሆነች። ጀሪካን ተሸክማ ጭቃ ላይ ትወድቅና እዚያው ተቀምጣ ትስቃለች። የአገርነሽን ጥጃ ስታቅፍ ትውላለች። ከአገሩ ቋንቋ ጥቂት ቃላት ለቀመች፦ ሳሮ ብላ ሰላም ትላለች፣ ደስ ያላትን ሁሉ ሎኦ፣ ጥሩ ነው፣ ትላለች፣ ማመስገን ሲያምራት ጋላታይስ ትላለች። ብይ፣ ነይ፣ ውሃ፣ ቢላዋ፣ እኔ፣ አንቺ የሚሉትን አገርነሽ አስተማረቻት። ከጤና ኬላው ደግሞ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ የሚሏትን «ታሟል» የሚለውን ቃል ይዛ መጣች። በነዚህ ቃላት ነበር አሥር ወር የኖሩት።

ማታ ማታ በፀሐይ በምትሞላው መብራቷ ደብተር ላይ ትጽፋለች። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ትግሉ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ የሶዶ ልጅ፣ አንድ ቀን አስፈቅዷት ደብተሩን ገለጥ አደረገው።

«እማማ፣ ምን እንደምትጽፍ ልንገርዎት?»

«የአገሯን ነገር ነው?»

«አይደለም። ‹ዛሬ ውሃውን ሳላፈስ ቤት አደረስኩ› ይላል። ‹ዛሬ ጥጃዋ እጄን ላሰችኝ› ይላል። ‹ዛሬ ወርቅውሃ ሰደበችኝ፣ ስድቡ ገባኝ› ይላል። ደስ ያላትን ነው የምትጽፈው።»

«ለዚህ ነው መብራት የምትጨርሰው?» አለች አገርነሽ። እንዲህ አለች እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ውሃ ስትቀዳ፣ ጥጃ ስታስር፣ ይሄ ዛሬ ይጻፍ ይሆን እያለች ታስብ ጀመር። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ያላየችውን ነገር ማየት ለመደች።

ኅዳር ላይ የእንሰት መፋቂያው ወቅት ደረሰ። ይህ የሴቶች ሥራ ነው። አምስት ስድስት ሆነው በደቦ ከጓሮ ጓሮ እየዞሩ ይፍቃሉ፤ ዛሬ የአንዷ፣ ነገ የሌላዋ ነው። ወንድ በአጠገቡ አያልፍም፣ ቢያልፍም ተሰድቦ ነው የሚያልፈው። የዚያን ዓመት መጀመሪያ የተገባው ላይኛው ቤት፣ የሻንቆ ሚስት ጓሮ ነበር። አገርነሽ ከሁለቱ ቢላዎቿ አንዱን ለትንሳኤ ሰጠቻት። ቢላዋ የተሰጣት ሴት እንግዳ አይደለችም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ልጅቷ ምክንያቱን ሳታውቅ አብራ እልል አለች።

እዚያ ጓሮ አንድ እንሰት የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ነበር። የሻንቆ ሚስት፣ «ፀሐዩ ነው የመታው፣ ሳይበላሽ እሱን እናስቀድም» አለች። ተቆረጠ። የቆረጠችው ትንሳኤ ናት፣ ደስ ይበላት ብለው።

አገርነሽ ቅጠሉን አይታ አንድ ነገር ትዝ አላት። ዓምና ትግሉ ከዋርካው ሥር ሰብስቧቸው የነገራቸው ነበር፤ እንሰት የሚያጠወልግ በሽታ አለ፣ በቢላዋ ነው ከጓሮ ጓሮ የሚሄደው፣ ከሰው ግቢ ስትወጡ ቢላዋችሁን እሳት ላይ አሳልፉ ብሏቸው ነበር። ሁሉም አዎ አሉ። ያደረገችው ግን አንዲት የለችም። እንዴት ይደረጋል? ከሰው ጓሮ ስትወጪ፣ ባለቤቷ ቆማ እያየችሽ፣ ቢላዋሽን እሳት ላይ መያዝ «ቤትሽ በሽታ አለበት» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነው። አብረሽ የበላሻትን፣ ልጅ ስትወልጂ ያረሰችሽን ሴት እንዲህ አትያትም። አገርነሽ ቤቴ ስገባ አደርገዋለሁ አለች። ቤት ስትገባ ደግሞ ትንሳኤ ቢላዋውን በሳሙና አጥባ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ መስታወት አስመስላ ግድግዳው ላይ ሰቅላው አገኘቻት። ልጅቷ ቢላዋውን እያሳየች፣ «ሎኦ?» አለች። አገርነሽም፣ «ሎኦ» አለች። ጸድቷል ብላ ተወችው።

ማግስቱ እሑድ ነበር። አገርነሽ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ትንሳኤ በር ላይ ቆማ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተቻት። ሴቶቹ ከመፋቅ በፊት ያረጀ ቅጠል ሲመለምሉ አይታ፣ በአጥሩ በኩል ያለውን አንድ መደዳ እንሰት እሷም በዚያው ቢላዋ መልምላው ነበር። አሥራ ሁለቱንም። ያረጀውንም ለጋውንም ሳትለይ ነው የቆረጠችው፤ እንሰቶቹ ተላጭተው ለንስሐ የቆሙ ይመስላሉ። አገርነሽ መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ የልጅቷን ግንባር ሳመች። በዚያን ዕለት ማታ ትንሳኤ ደብተሯ ላይ ብዙ ጻፈች።

ገና አልፎ ሳምንት ሳይሞላው ከተላጩት አንዱ የመሐል ቅጠሉን ጣለ። አገርነሽ ፀሐዩ ነው አለች፣ ልክ እንደ ሻንቆ ሚስት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሆኑ። በሳምንቱ አምስት። ሁሉም ከዚያ መደዳ ናቸው፤ ከመደዳው ውጪ አንድም የለም። ያን ጊዜ ገባት፤ ከሻንቆ ሚስት ጓሮ የመጣው ቢላዋ ነው። ትግሉን ልካ አስጠራችው።

ትግሉ መጣ። አንዱን ግንድ ቆርጦ ሲያየው ከውስጡ ቢጫ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ ወጣ።

«እማማ፣ እሱው ነው።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት የለውም። ነቅሎ፣ ቆራርጦ፣ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው። አሥራ ሁለቱንም። ሌሎቹን በየቀኑ እያዩ መጠበቅ ነው።»

«ስንት ቀን ይጠበቃል?»

«አንድ ወር፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። እርግጠኛ የሚኮንበት ቀን የለም።» ቅጽና ብዕር አወጣ። «በምን ገባ? ማን ነው በመጨረሻ የቆረጠው?»

አገርነሽ ዞር ብላ አየች። ትንሳኤ ከጥጃዋ አጠገብ ተንበርክካ ሣር እያጎረሰቻት በእንግሊዝኛ ታወራታለች። ለመሄድ ዐሥር ቀን ቀርቷታል። ዓይኗ አብጦ የመጣች ልጅ ናት፤ አሁን አንገቷ ላይ የወርቅውሃን ጨሌ አድርጋለች። አገርነሽ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ይህች ልጅ ደስታዋን እንደያዘች፣ ሳይጎድልባት፣ አገሯ ትግባ።

«እንዳትነግራት» አለችው።

ትግሉም ዞሮ አየ። ገባው። «ቅጹ ላይ መተላለፊያ መንገድ የሚል አለ፣ እማማ።»

«ነፋስ ነው በልና ጻፍ።»

«በነፋስ አይተላለፍም።»

«እንግዲያው የኔን ስም ጻፍ። አገርነሽ በቢላዋዋ ገደለቻቸው በል። ውሸትም አይደለም፤ ቢላዋውን እሳት ማሳየት የነበረበት የኔ እጅ ነው።»

ጻፈ። በማግስቱ ጉድጓዱ ተቆፈረ። ትንሳኤ እጇ እስኪላጥ ቆፈረች። እንሰቶቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ አለቀሰች፤ ትግሉን ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ በሽታ ነው፣ አንዳንዴ እንዲህ ይመጣል አላት። አገርነሽ ማንም ሳያያት ከኩሽናው ጀርባ ቢላዎቹን እሳት ላይ አገላብጣ አቃጠለቻቸውና ቦታቸው ሰቀለቻቸው። እዚህ ላይ አለቀ አለች በልቧ። ጓሮዬን ወሰደ፣ ልጅቷን ተወልኝ አለች።

ሴቶቹ ደግሞ ለትንሳኤ መሰናበቻ በወርቅውሃ ጓሮ ሐሙስ ቀን ደቦ አሰቡ። ወርቅውሃ፣ «ቢላዋ የተሰጣት ሴት ቢላዋ ይዛ ትሸኝ፤ አለዚያ አየርላንድ ገብታ ‹እንጀራ አብልተው ሰደዱኝ› ትለናለች» አለች። አገርነሽ ቢላዋው እሳት አይቷልና አልፈራችም።

ሐሙስ ጠዋት አገርነሽ ጥጃዋን አስራ ወደ ጓሮ ብቅ ስትል ከቀሩት እንሰቶች አንዱ አዲስ ቁስል ይዞ አየችው። አሥራ ሦስተኛው። የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ኖሮ አሁን ተቆርጦ መሬት ላይ ተጋድሟል። የተቆረጠበት ቦታ ያንን ቢጫ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ትንሳኤ የታመመውን ቅጠል ቆርጣ ጓሮውን ልታድን ፈልጋ ነው፤ ሕፃን ቁስል እንደሚጠረግለት ዓይነት መስሏታል።

ቀና ስትል አጥሩ ወዲያ፣ በወርቅውሃ ጓሮ፣ ልጅቷን አየቻት። ሴቶቹ ሳይመጡ ቀድማ ገብታ፣ ቢላዋውን ይዛ፣ የወርቅውሃን እንሰት እየመለመለች ነው። ያን እሑድ እንዳደረገችው፣ ያስደስታቸው ብላ። ሁለት ቅጠል ጥላ ሦስተኛው ላይ ደርሳለች።

«ተይ! ትንሳኤ፣ ተይ!»

ልጅቷ ዞራ አየቻትና ሳቀች። አገርነሽ ያለ ወትሮዋ ስትጮህ ቀልድ መሰላት፤ ቀደመችኝ ብላ የምትቆጣ መሰላት። ቢላዋውን ከፍ አድርጋ፣ «ሎኦ!» አለች።

አገርነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ፣ ቀሚሷ እሾህ ላይ ተቀድዶ፣ ደረሰችና እጇን ያዘች። አጥብቃ ያዘቻት። አሥር ወር ሙሉ እንዲህ ይዛት አታውቅም። የልጅቷ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

አገርነሽ መናገር ፈለገች። ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ አንቺ አታውቂም፣ እኔ ግን ተነግሮኝ ነበር፣ አፍሬ ነው፣ ጎረቤቴን አላስቀይምም ብዬ ነው፣ የእኔን ተይው የእሷን አድኝልኝ ልትል ፈለገች። ይህን ሁሉ የምትልበት ቃል በሁለቱ መካከል የለም። ያስተማረቻትን ቃላት በልቧ አገላበጠች፤ ሁሉም የደስታ፣ የምግብ፣ የውሃ ቃላት ናቸው። ሌላ ስታጣ ቢላዋው ላይ የተጣበቀውን ቢጫ ነገር በጣቷ አሳየቻት።

«ቢላዋ» አለች። «ታሟል።»

ትንሳኤ ቢላዋውን አየች። በአጥሩ ወዲያ አሥራ ሦስተኛውን አየች። ከዚያ አሥራ ሁለቱ የነበሩበትን ባዶ መደዳ ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ራሷ የመለመለችውን፣ አንድም ሳይቀር። ዓይኗ እዚያ ላይ ቆመ። ቀስ ብላ ጣቷን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እኔ?»

«አይደለም» አለች አገርነሽ። «እኔ! እኔ!» የራሷን ደረት መታች። ልጅቷ ግን አሥር ወር ሙሉ ፊቷን እያነበበች ኖራለች፤ ቃል ስለሌላቸው የሚያወሩት በፊት ነበር። አሁንም ያነበበችው ፊቷን ነው። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

ወርቅውሃ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። አገርነሽ በአጭሩ ነገረቻት፣ ሁለቱን የተቆረጡ ቅጠሎችም አሳየቻት። ወርቅውሃ ተጠጋች። እንሰቱን አየች፣ ልጅቷን አየች።

«ነገርሻት?»

«አወቀች።»

«አንቺ ጨካኝ! ዐራት ቀን ነው የቀራት፣ ምነው ብትተያት?»

«ጓሮሽን ልትጨርሰው ነበር እኮ!»

«ትጨርሰዋ!» አለች ወርቅውሃ። ዓይኗን ግን ከእንሰቶቿ አላነሳችም፤ ስድስት የምታበላቸው አሏት። ያንን እንሰት በዚያው ሰዓት ነቅለው ቀበሩት። አጠገቡ ያሉትን ነክታቸው እንደሆነ ግን ልጅቷም እርግጠኛ አልነበረችም፤ አንዴ አዎ፣ አንዴ አይ ትላለች። ደቦው ቀረ። ለመጡት ሴቶች ትንሳኤ አሟታል ተባለ።

ከዚያ በኋላ ትንሳኤ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ቀልድ አይደለም፤ አላወጣችውም። ጥጃዋ ስትመጣ ወደ ኋላ ትላለች። ጀሪካን ለማንሳት አገርነሽን በዓይኗ ታስፈቅዳለች። ጤና ኬላው ሕፃን ሲሰጧት ሌላ ሰው እንዲይዝ በአገጯ ትጠቁማለች አሉ። ደብተሩን አልገለጠችውም። ትግሉ መጥቶ ረጅም ሰዓት በእንግሊዝኛ አናገራት።

«ምን አልካት?» አለችው አገርነሽ።

«ሁሉንም፣ እማማ። ጥፋቷ እንዳልሆነ፣ ቢላዋ እሳት ላይ ማሳለፉን እኛ ራሳችን እያወቅን እንዳላደረግነው። ነገርኳት።»

«እሺ፣ ምን አለች?»

«አመሰግናለሁ አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም።»

ሰኞ ጠዋት አገርነሽ እስከ በዴሳ ሸኘቻት። ሚኒባሱ አልሞላም ነበር፤ ረዳቱ፣ «ሶዶ! ሶዶ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ሁለቱ ከጎኑ ቆሙ። አገርነሽ እጇን ሰደደችና ልጅቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው፣ እዚያ ያለውንም እጅ ያዘችው። ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ አልጨበጧትም፣ አልሸሿትምም። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። አንድ ሰው ዶሮ ይዞ ገባ። አንዲት ሴት ገባች። ሞላ። ረዳቱ፣ «እናት፣ ይልቀቋት እንጂ፣ ልንሄድ ነው!» አለ። ለቀቀቻት። ልጅቷ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ሞተሩ ተነስቶ ነበርና አገርነሽ ምን እንዳለቻት አልሰማችም።

በእግሯ ተመለሰች። ቤት አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ከቀሩት አንድ በአንድ እያየች ስትሄድ አንዱ፣ ዳር ላይ ያለው፣ የመሐል ቅጠሉ ጠዋት ከነበረበት ትንሽ ዘንበል ያለ መሰላት። ነፋስ ይሆናል አለች። አጠገቡ ቆማ ነፋሱ እስኪቆም ጠበቀች።

ወርቅውሃ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«ምን አለችሽ?»

«እኔ እንጃ።»

ወርቅውሃ በጀርባዋ በኩል ወዳለው የራሷ ጓሮ ዞራ አየችና፣ «የኔዎቹ ቀጥ እንዳሉ ናቸው» አለች፣ ልታጽናናት።

«ገና አራት ቀኑ ነው እኮ» አለች አገርነሽ።

ሁለቱም ነገ ጠዋት የሚያዩትን እያሰቡ አጥሩን ይዘው ቆሙ።